አሥረኛው ጠመንጃ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ሚጣዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ብርዱ አልጠናብሽም? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግማል እንጂ እጄ እንደ ድሮው ነው። ያለ መነጽር መሮ እስላለሁ ብዬ ለእህትሽ ጉራዬን ስነዛ «አባዬ፣ ያለ መነጽር እኮ ጫማህንም ግራና ቀኝ አቀያይረህ ነው የወጣኸው» ብላ ሰው ሁሉ አሳቀችብኝ። የላክሽው ሹራብ ደርሶኛል፤ ልክክ ብሏል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው አሁን የጨከንኩት። እኔና ወዳጄ ሊቁ ተለያይተናል።

እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። አጎቴ እያልሽ ነው ያደግሽው። ትምህርት ቤቱን አፈላልጎ፣ ቅጹን ሞልቶ፣ ሻንጣሽን እስከ አውሮፕላን ጣቢያ ተሸክሞ የሸኘሽ እሱ ነው። ይህን አልረሳሁም። የከፋኝም ስላልረሳሁ ነው።

የእኛን ወሬ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለሰለቸሽ ምናልባት በደንብ አልሰማሽው ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለግነው አንድ ዓይነት የአደን ጠመንጃ ነው፤ አጠር ያለ፣ እንጨቱ እንደ ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ የማይቀር፣ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ድረስ ብረቱን አቅፎ የሚሄድ። እኛ «ሙሉ ልብስ» እንለው ነበር። ይሠራው የነበረው ወርክሾፕ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የተሠሩትም ጥቂት ናቸው፤ የብዙዎቹን እንጨት እርጥበት ሲያጣምመው ባለቤቶቹ በመጋዝ ቆርጠው አሳጥረውታል። ሳይነካ የተረፈ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ያየነው ዘጠኝ ብቻ ነው። ሊቁ መዝገብ ያገላብጣል፣ ለባለቤቶቹ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ይገለብጣል። እኔ ደግሞ እንጨቱን በጣቴ ዳስሼ ይሄ የጥንቱ ነው፣ ይሄ የተቀጠለ ነው እላለሁ። አንድ ቀን የሁለታችንም ስም ያለበት መጽሐፍ ይወጣዋል እንባባል ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት አንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ብረቱም ቁጥሩም የእውነት ነው፤ እንጨቱ ግን ተቆርጦ፣ የቀረውም ነቅዞ ነበር። «ሙሉ ልብሱን መልስለት፤ ለሳሎኔ ግድግዳ ነው» አለኝ። አራት ወር ፈጀብኝ። ከፈረሰ ቤት አሮጌ የበር መቃን አምጥቼ፣ ብረቱ የሚተኛበትን ቦይ በመሮ ቦርቡሬ፣ በተልባ ዘይት እያሸሁ ሠራሁት። እንደዚያ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አልሠራሁም። ሳስረክበው ሊቁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዋጋዬን አልቀበልም አልኩት፤ የወዳጅ ሥራ ነው ብዬ።

መጽሐፉ የወጣው ከሁለት ወር በፊት ነው። ለእኔ አላመጣልኝም። የማተሚያ ቤቱ ጠራዥ ነው «ስምህ አለበት እኮ» ብሎ ይዞልኝ የመጣው። ሽፋኑ ላይ ፈለግሁ፣ የለም። መቅድሙም ላይ የለም። ገጽ መቶ አርባ ላይ አገኘሁት። ፎቶግራፍ አለ፤ ከጎኑ «አሥረኛው። ከወርክሾፑ ከወጣ ጀምሮ እንጨቱ ያልተነካ፤ አሁን በሙዚየሙ የሚገኝ» ይላል። ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ያለችውን ጉጥ እንዳየሁ ለየኋት። ያቺ ጉጥ ሁለት መሮ አደንዛብኛለች። ከፎቶው ሥር ደግሞ የምስክር ወረቀት ታትሟል፤ «እኔ አናጢው መርምሬ፣ እንጨቱ የጥንቱ መሆኑን አረጋግጫለሁ» የሚል፣ የእኔ ፊርማ ያለበት።

መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

«ይሄ እኮ የእኔ እጅ ነው» አልኩት።

«የአንተ እጅ ስለሆነ አይደል ማንም ያላወቀው?» አለኝ እየሳቀ። «ምስጋና ነው እንግዲህ።»

«ለግድግዳ ነው አላልከኝም?»

«የሙዚየምም ግድግዳ ግድግዳ ነው።»

«እኔ ይህን መቼ ፈረምኩ?»

ሳቁ ጠፋ። ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለ። «አንተ እንጨቱን ነው የምታውቀው» አለኝ በመጨረሻ። «ታሪኩን ለእኔ ተወው።»

ለካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወዳጁ ሳልሆን ሠራተኛው ነበርኩ። በሕይወቴ የሠራሁትን ምርጥ ሥራ ነጥቆኝ፣ የእኔ እንዳልሆነ ደግሞ በራሴ ስም አስመሰከረብኝ።

ሁለት ሳምንት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ከዚያ ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ ሙዚየም ሄድኩ። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ኮስታራ ሴት ናት፤ ሰምታኝ ስታበቃ ሊቁን አስጠራችው። እሱ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ እሷ ጠመንጃውን ይዛልኝ፣ ብሎኖቹን ፈታሁና ብረቱን ከእንጨቱ አነሳሁ። ሥራ ስጨርስ ማንም በማያየው ቦታ ቀኑን በእርሳስ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ሊቁ ይህን አያውቅም። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ቦዩ ውስጥ ያለውን ጮክ ብላ አነበበችው።

«ግንቦት 29። ዛሬ ሚጣዬ ፈተናዋን አለፈች።»

ሊቁ መጥቶ አየው። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ወጣ። ዞር ብሎ ያየኝ ይሆናል ብዬ በሩን ሳይ ቆየሁ።

ጠመንጃው ከመስታወት ሳጥኑ ወጥቷል፤ መጽሐፉም ከየመደብሩ እየተሰበሰበ ነው አሉ። ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ። ቅዳሜ እሱ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ አሁንም ሁለተኛውን ወንበር ከመጋዝ ብናኝ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ትዝ ሲለኝ በራሴ እናደዳለሁ።

ኃላፊዋ ሁሉንም ጽፋ ስትጨርስ ስለ ፊርማው ጠየቀችኝ። «ሰው አስመስሎ የፈረመው ነው?» አለችኝ። አይ፣ የእኔ ነው አልኳት። «ታዲያ እንዴት እዚህ ወረቀት ላይ ተገኘ?»

ልትሄጂ ስትይ፣ ለዋስትናው ደብዳቤ፣ አንዱ ቢበላሽ መጠባበቂያ ይሁን ብለሽ ሁለት ባዶ ወረቀት ላይ ከግርጌ አስፈርመሽኝ ነበር። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ። እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎ የሁለተኛው ፊርማዬ መሃሉ ላይ ተቆራረጠ። ሁለቱንም አጣጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽ። መጽሐፉ ላይ ያለውም መሃሉ ላይ ተቆራርጧል። ባለፈው በስልክ መጽሐፉ ሊወጣ ነው ስልሽ ዝም ብለሽ ነበር፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ውሸቱ ይሄ ብቻ ነው።

በዚህ ነገር መልስ አትጻፊልኝ። ስለ ትምህርትሽ ጻፊልኝ፣ ስለ ጤናሽ ጻፊልኝ። በሄድሽበት ሁሉ መንገዱ ይቅናልሽ፤ የሰው ፊት አይግረፍሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይሠምር።

የሚወድሽ፣ አሁንም የሚወድሽ፣

አባትሽ