የአባባ ጣሳ

ታኅሣሥ 3
ገበያ ነበር። እማማ የሠራቻቸውን ጀበናዎች ልሸጥ ወረታ ወረድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መምህር የኋላሸት ትናንት ክፍል ያሉት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ... ሰው ገና መናገር ሳይችል አብሮ ያንጎራጉር ነበር፣ ይላሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች። አብሮ የዘፈነ ይዋደዳል፣ ባዕዱም ዘመድ ይሆናል። ክፍሉ ሁሉ ደስ አለው። እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ፣ ምን ደስ ይበለኝ?

ታኅሣሥ 6
የአያ አድማሴ ሩዝ ውቂያ። ለደቦው አባባን ጠሩት፤ ያለ እሱ ማን ዘፈን ያወጣል? እሱ ሲያወጣ፣ እነሱ ሲቀበሉ፣ ዱላው ሁሉ እኩል ያርፋል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።
ከዚያ ጠላ መጣ። ዋንጫው ከእጅ እጅ ዞረ፣ አባባን ዘለለው። ለሱ አጥር ላይ የተሰካች ዝገት የበላት ጣሳ አለች። የአድማሴ ሚስት ድንቅነሽ በእንጨት አወረደቻት። ቡዳ ናቸው ይሉናላ! ጠላው የተጠመቀበት ጋን እኮ የእማማ ሥራ ነው። ማጭዱስ የማን ሥራ ነው?

ታኅሣሥ 7
"አባባ፣ ለምን ትሄዳለህ?"
"ስንዘፍን እኮ ሁላችን አንድ ነን፣ ልጄ።"
"ስንጠጣስ?"
ወናፉን ማናፋት ያዘ። በነሱም በሱም ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 10
መምህሩን ጠየቅኋቸው። ዘፈን ካዋደደ ለምን አብሮ አያጠጣም? "ዘፈን የሚያዋድደው ወገን የተባለውን ነው። ማን ወገን እንደሆነ የሚለየው ሰው ነው" አሉ። ማታ ለአባባ ነገርኩት። እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ታኅሣሥ 14
አድማሴ ውቂያውን ሊጨርስ ደቦውን ዳግም ጠራ። ጣሳዋ መጣች። አባባ መሬት ላይ ደፋት።
"አውጣ እንጂ!" አለው አድማሴ።
"ጉሮሮዬ ደርቋል። በዋንጫው አጠጡኝና አወጣለሁ።"
ማንም አልተነሣም። አንዱም! አባባ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ። ማረው የሚባለው ጎረምሳ ላውጣ አለ... ዱላው ተምታታ፣ የአንዱን እጅ መቱት። እሰይ።

ታኅሣሥ 19
ውቂያው ስላላለቀላቸው እነ አድማሴ ከወረታ በባጃጅ ስፒከር አስመጡ። ዘፈኑ አይጠብቃቸው፣ እነሱ አይደርሱበት። እኛን ግን የጠራን የለም።
ድንቅነሽ መጥታ ጣሳዋን ደጃችን ወረወረች። "የናንተው ናት" ብላ ሄደች። አባባ አነሣት። ብረት የሚመታበት መስፍ ላይ አጋድሞ ቀጠቀጣት፣ እየቀጠቀጠም ዘፈን አወጣ። እማማ ጭቃ በእጇ እንዳለ ተቀበለች። እኔም ተቀበልኩ። አውድማው ላይ ይሰሙ አይሰሙ አላውቅም። ለነሱ አልነበረም።