ደሙን አይተው ነፍስ ያተረፉት ወይዘሮ ማዘንጊያ በዛብህ

ወይዘሮ ማዘንጊያ ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአባታቸው ከአቶ በዛብህ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ኃይሌ በ1936 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚሁ ከተከታተሉ በኋላ በአዲስ አበባ በላቦራቶሪ ሙያ ሠልጥነው፣ በ1957 ዓ.ም. በተወለዱበት ከተማ በሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በ1960 ዓ.ም. የባቡር ጥገና ባለሙያውን አቶ ወልደ ማርያምን አግብተው ሣህሉንና በለጠችን አፍርተዋል። በአማርኛ ጀምረው፣ በኦሮምኛ ተቆጥተው፣ በሶማሊኛ የሚያስቁ ተጫዋች ነበሩ።

በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ከከተማው ደጃፍ ሲደርስ ሆስፒታሉ በቁስለኛ ተጨናነቀ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ከየቁስለኛው ጥቂት ደም በብርጭቆ ቱቦ ቀድተው መርጋቱን ይመለከታሉ፤ በዚህ ሳይወሰኑም ወደ ክፍሉ ሄደው የሰውየውን ደህንነት ይጠይቃሉ። ቁስሉ ቀላል መስሎ ደሙ አልረጋ ያለው ብዙውን ጊዜ ሲሞት፣ ቁስሉ አስፈሪ ሆኖ ደሙ የረጋው ደግሞ ሲተርፍ አስተዋሉ። ይህንኑ ለቀዶ ጥገናው ሐኪም ለዶክተር ኢስሃቅ ነገሯቸው።

ዶክተሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «እንግዲያውስ ሞትን ከሩቅ ልናየው ነው!» አሉ።

«ካየነውማ እንቀድመዋለን!» አሉ እሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ደሙ ሳይታይ የሚያልፍ ቁስለኛ አልነበረም። ሁሉም አልዳነም፤ የዳነው ግን ብዙ ነው።

በ1973 ዓ.ም. በመልካ ጀብዱ መንገድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ተጎጂዎች መጡ። ከእነርሱ መካከል ነጋዴዋ ወይዘሮ ዳሃቦ፣ «ወላሂ እኔ ደህና ነኝ፤ እነዚያን እዩ!» እያሉ ይስቁ ነበር። ዶክተሩ እግሩ ተሰብሮ የሚጮኸውን ሾፌር ሊያስቀድሙ ሲሉ፣ ወይዘሮ ማዘንጊያ ቱቦውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ።

«ዶክተር፣ ሴትየዋን ያስቀድሙ! ደማቸው እንደ ውሃ ነው፣ አልረጋም!»

ዶክተሩ ቱቦውን ዘንበል አድርገው አዩና ወይዘሮ ዳሃቦን ወዲያው አስገቡ። ጣፊያቸው ተቀዶ ሆዳቸው በደም ተሞልቶ ተገኘ። ትኩስ ደም አስፈለገ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ወደ ባቡር ጥገናው ስልክ ደውለው ባለቤታቸውን «ወልዴ፣ ሰው ይዘህ ድረስ!» አሏቸው። ሠራተኞቹ ዘይት የነካው ቱታቸውን እንደለበሱ ግቢውን ሞሉት። የባቡር ጥገናው ኃላፊ አቶ አብዲቃድር እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ከየትኛው ክንድ ነው? ፈጠን በሉ፣ ባቡሩ እየጠበቀኝ ነው!» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

ደሙ ከተሰጣቸው በኋላ የወይዘሮ ዳሃቦ ደም እንደገና ተመረመረ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ቱቦውን ገለበጡት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ረግቷል! በሆስፒታል ጮክ ብሎ መናገር የማይወዱት ሴት በኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እልልታቸውን አቀለጡት። ወይዘሮ ዳሃቦ በእግራቸው ወጡ፤ ከዚያም ወዲህ «አባዮ» ማለትም «እህቴ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሙያቸውን ሳይሰስቱ ያስተማሩ፣ ለጎረቤት የደረሱ እናት ነበሩ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሚሠሩበት ሆስፒታል ሲታከሙ እንኳ ጠዋት ጠዋት ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ዛሬስ ማን ዳነ?» ይሉ ነበር። በመጨረሻዋ ዕለት ዶክተር ኢስሃቅ፣ ከሐርላ ገደል ወድቆ የመጣው ሰው ምግብ መብላት መጀመሩን ነገሯቸው። «ተመስገን» ብለው ፈገግ አሉ። ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እናታቸውና በእጃቸው የዳኑት ሁሉ ዛሬ በአንድነት ያለቅሷቸዋል። ለሰው ነፍስ የሳሱትን እናት፣ የነፍስ ባለቤት የሆነው አምላክ በምሕረቱ ይቀበላቸው፤ ለእኛም መጽናናትን ያድለን። አሜን።