ለሟቹ አባቴ ስለ ተመደበው የፈረስ ክትባት

ወላይታ ሶዶ
ሰኔ 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ የወረዳችን የእንስሳት ጤና የሥራ ሂደት ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ባልደረቦች እንዲሁም ክትባቱ የተቀመጠበት ማቀዝቀዣ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ለሁላችሁም፣ በተለይም ለማቀዝቀዣው፣ የማይቋረጥ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ሚልክያስ ሶርሳ እባላለሁ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። እርስዎ ይበልጥ የሚያውቁት ግን አባቴን፣ ሞዴል አርሶ አደር አቶ ሶርሳ ዳልጮን፣ የሠላሳ አንድ ፈረስ ባለቤቱን ነው። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከመላክ አልፌ ቅጂውን በገበያው መግቢያ ባለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ተቆጥቼ እንዳይመስልዎ። ቁጣ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ምንም አይሰማኝም፤ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ፈተና አርማለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ኅዳር፣ አባቴ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ያረፉ ጊዜ ነው። እንደሚያውቁት በአገራችን እንደ እርሳቸው ያለ ሽማግሌ ሲሞት ፈረስ ያለው ዘመድ ሁሉ በፈረሱ መጥቶ የልቅሶውን ሜዳ ይዞራል፤ የሟቹም ፈረስ ኮርቻው እንደ ተጫነ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ከፊት ይመራል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ይህን ልማድ ብዙም ባይወዱትም ያን ቀን ለአባቴ ሲሉ ዝም አሉ። ከገሱባ፣ ከሃላሌ፣ ከዲምቱ ሳይቀር ሠላሳ ፈረስ መጣ። ከፊት የሄደው የአባቴ ዳማ ሲጨመር ሠላሳ አንድ ሆኑ። የእርስዎ የትንኝ ወለድ ቫይረሶች ምርመራ ቡድንም መጣ፤ ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ቡድንዎ ፈረስ ፍለጋ በየቀበሌው ከሚንከራተት ትልቅ ሰው እስኪሞት መጠበቁ እጅግ ብልህ አሠራር ስለሆነ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሦስት ባለሙያዎች የበረዶ ሣጥን ይዘው ሲገቡ ለቀስተኞች መስለውን አግዳሚ ወንበር ለቀቅንላቸው። እነርሱም በትሕትና፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ፈረስ ገዳይ ቫይረስ እንዳለ፣ ደሙ ተመርምሮ በሽታው ያልነካው ፈረስ ሁሉ ከክረምት በፊት እንደሚከተብ አስረዱን። ደስ አለን። አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት ፈረሶቹን እያለቀስን ያዝንላቸው፤ እነርሱም ከየአንገታቸው ደም ቀዱ። ቅጹ ላይ የባለቤት ስም የሚጻፍበት መስመር አንድ ብቻ ስለነበረ፣ መዝጋቢው ግቢው የማን እንደሆነ ጠየቀና «ሶርሳ ዳልጮ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ፈረሶቹን ከቁጥር አንድ እስከ ሠላሳ አንድ አስከትሎ ሲያበቃ እጅ ነስቶን ሄደ።

ሁለተኛ፦ አባቴ ከተቀበሩ ከአምስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ፣ በፈረስ እርባታ ላስመዘገቡት የላቀ ውጤት ሞዴል አርሶ አደር ተብለው ስለ ተመረጡ አመሰግናለሁ። በሕይወት ሳሉ ለስብሰባ እንጂ ለሽልማት ተጠርተው አያውቁም። የምስክር ወረቀቱን የተቀበለችው እናቴ ናት፤ እኔ አነበብኩላት። «ሌሎቹን ሠላሳ የት ደብቋቸው ኖሯል?» ብላ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ስለዚያች ሳቅ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ይኼኛው ምስጋና ምንም ሽሙጥ የለበትም።

ሦስተኛ፦ ግንቦት 1 ቀን የምርመራው ውጤት በአባቴ ስም በጽሑፍ ደረሰን። ስለ ቁጥር አንድ፣ ማለትም ስለ ዳማ፣ የተጻፈውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ለበሽታው ተጋልጦ አያውቅም፤ መከላከያ አቅም የለውም፤ በአስቸኳይ ይከተብ» ይላል። ትእዛዙን አክብሬ በዚያው ቀን ቢሮዎ ተገኘሁ። የመጋዘን ኃላፊዋ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ማቀዝቀዣውን ከፍተው፣ በአባቴ ስም የተመደበውን የሠላሳ አንድ ፈረስ ክትባት በዓይኔ አሳዩኝ። ባለንብረቱ ራሳቸው ቀርበው መፈረም እንዳለባቸው፣ ከታመሙ ወይም መንገድ ከሄዱ ግን የቀበሌ ውክልና እንደሚበቃ ነገሩኝ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ «አሟቸው ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

ሴትዮዋ በር እየከፈቱልኝ ነበር። እኔ ግን በየቀኑ አትዋሹ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝና «ሞተዋል» አልኩ። ማቀዝቀዣው ተዘጋ።

ከዚያ ወደ እርስዎ ዘንድ ቀረብኩ። ለሟች ውክልና እንደማይሠራ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማምጣት እንዳለብኝ በጨዋነት አስረዱኝ። አጎቶቼ በሕይወት እያሉ ፈረሶቻቸውን እንዴት እንደምወርስ ስጠይቅዎ፣ ዝርዝሩ እስከ ዞን ድረስ ስለጸደቀ እንደማይነካ፣ ፈረሶቹ በየባለቤቶቻቸው ስም እንዲመዘገቡ ከተፈለገም በሚቀጥለው በጀት ዓመት እንደ አዲስ ደም እንደሚሰጡ ገለጹልኝ። ከጀርባዎ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር የክትባት አገልግሎት በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጠናቀቃል ይላል። የእኔ በአራት ደቂቃ ስለ ተጠናቀቀ ለቅልጥፍናዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

አራተኛ፦ ባለሙያዎችዎ የበሽታውን ምልክት በልቅሶው ቀን እንዴት አጥርተው እንደ ነገሩን ልመሰክር እወዳለሁ፤ አንዱንም አልሳቱም። ቢሮዎ ከመጣሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳማ ሣር አልበላም አለ። ከዓይኖቹ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ሞላ። በማግስቱ፣ ሐሙስ ግንቦት 25 ቀን፣ አንገቱን ዘርግቶ ትንፋሽ ሲፈልግ ቆየ፤ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ወጣ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ወደቀ። እናቴ ኮርቻውን ከቤት አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና ተመልሳ ገባች። እኔ ቆሜ አየሁት። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ አልመጣም። «አዎ፣ አሟቸው ነው» ብል ኖሮ ይኼ ፈረስ ዛሬ ሣር ይበላ ነበር እያልኩ አሰብኩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አጎቴ ደገፉ የገሱባ ጋሪ ነጂ ነው። በፋይልዎ ቁጥር አሥራ ሰባት የተባለው ፈረስ የእርሱ ነው፤ ሰባት ቤተሰብ የሚያድረው በዚያ ፈረስ ነው። ለዳማ ሊያጽናናን ሲመጣ ትንኝ ፈርቶ ፈረሱን ቤት ዘግቶበት ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጣ። እንደ ተቀመጠ «የሞተ ሰው ነው ወረፋ የያዘብን?» አለኝ። ክትባቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጊዜው እንደሚያልፍ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ነግረውኛል። ትንኞቹ ግን በጀት ዓመት የላቸውምና ሥራቸውን ጀምረዋል።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ በልቅሷችን ላይ ስለ ተገኙልን፣ አባቴን ከሞት በኋላ ባለጸጋ ስላደረጉልን፣ ዝርዝሩንም ከማንኛውም እውነት ስለ ጠበቁልን ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እያቀረብኩ፣ በመጪው ግምገማም የላቀ ውጤት እንዲያስመዘግቡ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በፋይልዎ ውስጥ በሕይወት የሚገኙት የአቶ ሶርሳ ዳልጮ ልጅ
መምህር ሚልክያስ ሶርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አባቴ ራሳቸው ቢሮዎ ይቀርባሉ። ፋይሉ ላይ ካለው ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ያህል ያነሱ ቢመስልዎ፣ ጣታቸውም ላይ ጠመኔ ቢያዩ፣ እባክዎን አይገረሙ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ የት ጠፍተው እንደ ነበር ከጠየቋቸው «አሞኝ ነበር» ይላሉ፤ ይህን ማለት ዘግይተውም ቢሆን ተምረዋል። ፈርመው የሠላሳውን ፈረስ ክትባት ይቀበላሉ። የቁጥር አንዱን ግን እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይተዉት፤ ከሠላሳ አንዱ የእርሳቸው የነበረው እርሱ ብቻ ነው።