በሦስቱ የካሜራ ጋሪዎች ፈተና ራሴን ስለመክሰሴ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ለፊልም ማምረቻ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሦስት የካሜራ ጋሪዎች ላይ ያቀረብኩት የንጽጽር ሪፖርት ሐሰት ያለበት በመሆኑ እንዲሰረዝ፣ በእሱ ሰበብ ከቦታቸው የተነሱት ባለሙያ እንዲመለሱና ጋሪያቸውም ሰኞ እንዳይፈርስ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በድርጅቱ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በካሜራ ጋሪ ገፊነት፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ በክፍሉ ኃላፊነት የምሠራ ነኝ። ወደ ቢሮዎ የሚመጣ አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሌላውን የሚከስበት መሆኑን አውቃለሁ። በዚህኛው ግን ከሳሹም ተከሳሹም እኔው ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

1. ድርጅቱ ለሚቀጥለው ተከታታይ ድራማ አንድ ዓይነት የካሜራ ጋሪ ብቻ ለመጠቀም አስቦ፣ በእጃችን ያሉትን ሦስቱን ፈትሼ እንዳወዳድር በደብዳቤ ታዝዣለሁ። ጋሪ፣ ወይም በተለምዶ ዶሊ የምንለው፣ ካሜራ ተጭኖበት በሐዲድ ላይ የሚሄድና ምስሉ ሳይርገፈገፍ ተዋናዩን እንዲከተል የሚያደርግ ዕቃ ነው።

2. አንደኛው ባለ ክንዱ ነው። ካሜራውን ከወለል አንስቶ ከሰው ቁመት በላይ ያደርሳል፤ ምስሉም የጸና ነው። ነገር ግን ለመሸከም አራት ሰው ይፈልጋል፣ በተራ በርም አይገባም፤ አምና ለአንዲት የመኝታ ቤት ትዕይንት ብሎ የሰው ቤት መቃን አስነቅሎናል። ሁለተኛው አዲሱ ባለ ሞተር ነው። ከሩቅ በመቆጣጠሪያ ይታዘዛል፤ አንዱን ጉዞ ሃያ ጊዜ ቢያስደግሙት ቅንጣት አይስትም። ሆኖም ተዋናይዋ ስታመነታ አብሯት አያመነታም፤ እሷ ቆማ ስታለቅስ እሱ ጥሏት ይሄዳል። የድምፅ ባለሙያችንም ሞተሩ በተነሳ ቁጥር «ቢምቢ ገባችብኝ» እያለ ማዳመጫውን ይወረውራል። ሦስተኛው በራሳችን ወርክሾፕ ከወፍራም ጣውላና ከስምንት ጎማ የተሠራው ነው። ድምፅ የለውም፣ በጠባብ ኮሪደርም ያልፋል፤ ግን ብልሃቱ ሁሉ ያለው በገፊው እጅ ነው።

3. የዚህ ሦስተኛ ጋሪ ሠሪም ገፊም የባለቤቴ አባት ናቸው። ባልደረቦቻችን «ጋሽ ቀስ በል» ይሏቸዋል፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሲቆጡ እንኳ ከዚህ የከፋ ቃል ስላልወጣቸው ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ልጃቸውን የዳሩልኝም እሳቸው ናቸው። ከፈተናው በፊት ዝምድናችንን ለቴክኒክ ግምገማ ኮሚቴው አሳውቄ ነበር። ኮሚቴው የፈራው ለአማቴ እንዳላደላ ነው። በዚያ በኩል እንኳ ምንም የሚያሰጋ አልነበረም!

4. ፈተናው ቀላል ነበር። ጢም ብሎ የሞላ ብርጭቆ ውሃ ከካሜራው አጠገብ ይቀመጣል፤ ጋሪው ሐዲዱን ጨርሶ ሲመለስ ምን ያህል እንደፈሰሰ ይታያል። በዕለቱ ጠዋት ሐዲዱን የዘረጉት እሳቸው ናቸው። የቁጥር ሁለት አዳራሽ ወለል ወደ ግድግዳው ስለሚያዘቀዝቅ፣ የሐዲዱ ሦስተኛ መጋጠሚያ ሥር አንዲት ቀጭን ሽብልቅ ጨምረው ቦታውን በጥቂቱ ከፍ አደረጉት። ይህም ካሜራማኑ ተቀምጦበት ጋሪው ሲያልፍ ሐዲዱ በክብደቱ ወርዶ ልክ እንዲመጣ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ውሃ ልክ አይነግርም፤ እጅ ነው የሚያውቀው።

5. መጀመሪያ ባለ ክንዱ ሄደ፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ቀጥሎ ባለ ሞተሩን ይዤ የቀረብኩት እኔ ነኝ። ጋሪው ቀላል ነው፣ ሰውም አይቀመጥበትም፤ ሐዲዱን ስላልተጫነው ከፈተናው በፊት ለልምምድ ሳስኬደው ከፍ ባለችው ቦታ ዘመም አለብኝ። እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተው ነበር፤ ኮሚቴውም ወረቀት ያገላብጥ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሽብልቋን ነቀልኩና ኪሴ ከተትኳት። በእኛ ሙያ የዘርጊውን ሽብልቅ ሌላ ሰው አይነካም። መንካት ግድ ከሆነም «ነካሁብህ» ብሎ መናገር ነው፤ ይህም ሥራ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን እሳቸው ያስተማሩኝ ትምህርት ነው። ባለ ሞተሩ ተንሸራቶ ሄደ፣ ተንሸራቶ ተመለሰ። ኮሚቴው አጨበጨበ።

6. ከዚያ የእሳቸው ተራ ሆነ። በዚህ ማመልከቻ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ «ሽብልቋን መመለስ ዘነጋሁ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀድጄዋለሁ። አልዘነጋሁም። ሁለተኛውን የሐዲድ ክፍል ሲጨርሱ ኪሴ ውስጥ በጣቴ እየዳሰስኳት ነበር። «ይቁሙ» ለማለት ጊዜ ነበረኝ፤ አላልኩም። ባለ ሞተሩን ለማንቀሳቀስ የሠለጠንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱ ከተመረጠ የክፍሉ ኃላፊነት የእኔ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ዕድሜ ልኬን «የጋሽ ቀስ በል አማች» መባልም ሰልችቶኝ ነበር።

7. መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ ሐዲዱ ረገበ፤ ውሃው ፈሰሰ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስልም ዘለለ። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቃቸው «እጄ ነው፤ ዛሬ አልጸናልኝም» አሉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ያንኑ ሪፖርት ላይ አሰፈርኩት። በገጽ አራት «በዕድሜ ምክንያት የገፊው እጅ እንደሚንቀጠቀጥ በፈተናው ተረጋግጧል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው።

8. በዚህ መነሻ እሳቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረው የመብራት ገመድ ይጠቀልላሉ። ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጥቷል። ጋሪያቸውም ሰኞ ተፈታትቶ እንዲወገድ ታዟል።

እሑድ እሑድ ምሳ የሚበሉት እኛ ቤት ነው። ባለቤቴ የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ መጀመሩን የሰማችው ከእኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሻይ የምትቀዳላቸው እስከ ግማሽ ብቻ ነው። ግማሹን ብርጭቆ ይቀበላሉ፣ «ተባረኪ ልጄ» ይላሉ፣ በዚያ ጤነኛ እጃቸው አንስተው ይጠጣሉ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አያለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን መርሳት ያቃተው ወጊው ነው።

9. ማክሰኞ ዕለት ግምጃ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ገመድ መጠቅለላቸውን እንኳ አላቆሙም። «ያን ዕለት አይቼ የለ እንዴ» አሉኝ። ታዲያ ለምን እጄ ነው እንዳሉ ብጠይቃቸው፣ «ምን ልበል? በሰው ፊት የልጄ ባል አታላይ ነው ልበል? እኔ በዚህ እጅ ስንት ዓመት በልቼበታለሁ፤ ቢታማም ይችለዋል። አንተ ገና ነህ» አሉ። ገመዱን ጠቅልለው ካስቀመጡ በኋላ «ለቢሮው ከነገርክ ንገር፤ ጋሪዬ ያሳዝነኛል። ለልጄ ግን አደራ እንዳትነግራት። ቤትህን አታፍርስ» አሉኝ። ከዚህ ይልቅ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

የትኛው ጋሪ እንደሚሻል ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ለሩጫና ለተደጋጋሚ ጉዞ ባለ ሞተሩን፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚነጋገርበት ትዕይንት የእሳቸውን እመርጣለሁ። ምናልባት ባለ ሞተሩ በሐቅም ያሸንፍ ነበር። ድርጅቱ ይህን እንዳያውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በመሆኑም የተከበረው ጽሕፈት ቤት የሰኞውን የማፍረስ ትእዛዝ ዛሬውኑ እንዲያግድልኝ፣ ሪፖርቴን ሰርዞ ፈተናው እኔ በሌለሁበት እንዲደገም እንዲያዝ፣ ጋሽ ቀስ በልን ወደ ቦታቸው እንዲመልስና እጃቸው እንከን እንደሌለበት በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው በትሕትና እለምናለሁ። ኃላፊነቱን ከዛሬ ጀምሮ መልቀቄ ይታወቅልኝ። በእኔ ላይ የሚወሰነውን ቅጣት ያለ ይግባኝ እቀበላለሁ።

የአማቴን አደራ ግን አልጠበቅኩም፤ ይህን የመጨረሻ አንቀጽ የጨመርኩትም ቢሮዎ ደጅ ደርሼ ነው። አባቷ ጤነኛ መሆናቸውን ባለቤቴ ማወቅ አለባት፤ ከማን ጋር እንደምትኖርም እንዲሁ። የዚህን ማመልከቻ የመጀመሪያ ቅጂ ዛሬ ጠዋት፣ ወደ ቢሮዎ ከመምጣቴ በፊት፣ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ከቤት ስወጣ ሁለተኛውን ገጽ እያነበበች ነበር።

ከጸጸትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የካሜራ ጋሪ ገፊ

ግልባጭ፦
ለቴክኒክ ግምገማ ኮሚቴ
ለዕቃ ግምጃ ቤት፣ ለጋሽ ቀስ በል
ለባለቤቴ፣ በእጅ የተሰጠ