ጭስ ሲመጣ የምትዘጋ ቅጠል

እታለም፣

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ ስላለው የምርምር ተቋም ሕንጻ ልጎርርብሽ ነበር፤ ልቤን የወሰደችው ግን አንዲት ቅጠል ናት። እዚያ የምትሠራ የዕፅዋት ተመራማሪ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ከንፈር የመሰሉ ጥቃቅን መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሏት። የመኪና ጭስ የመሰለ ጋዝ ሲለቀቅባት ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ግጥም አሉ። «ከመርዙ ትድናለች» አለችኝ ተመራማሪዋ፣ «ግን ምግቧን የምትሠራው ከአየር ነው፤ ዘግታ ከቆየች ትራባለች።»

ወዲያው ቤታችን ትዝ አለኝ። ከጎናችን ካለው ጋራዥ የአውቶቡስ ጭስ እየተግተለተለ ሲገባብን፣ እያሳልን «እማዬ፣ መስኮቱን ዝጊው!» ስንላት፣ «ታዲያ የአባታችሁ አውቶቡስ መግባቱን በምን ልወቅ?» ትለን አልነበር?

ካርዱ ሞላብኝ። እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አባዬ ካረፈ በኋላም መስኮቱን የምትከፍተው ከሆነ፣ አደራሽን፣ እንዳትዘጊባት።

ታናሽሽ