ጎማው ሳይቀየር

ዓርብ
መኪናዋ መጣች። አሮጌ ፎር ባይ ፎር፣ ከፍ ያለች። ሰው ሁሉ ለቅንጦት የገዛኋት መስሎታል። ታናሽ ወንድሜ ማቴዎስ ሱቅ የከፈተበት መንደር ተራራ ላይ ነው፤ ዝናብ ከጣለ አምቡላንስም አይወጣውም። ኮሮና ይዞታል። "ጋሼ፣ ሳል ብቻ ነው" ይለኛል በስልክ። ውሸቱን ነው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል።
የጉዞ ፐርሚት ከፖሊስ ጣቢያ አግኝቻለሁ። ነገ ጎማ፤ ያሉት መላጣ ናቸው። ብሬክ። መጎተቻ ገመድ። እሁድ ጉዞ።

ቅዳሜ
ቀኑ ተበላሸ። ጎማ ቤት ልሄድ ስነሳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ኤርሚያስ ኤሌክትሪሺያን አስከትለው እኛ ሠፈር ጻካኔ ድረስ መጡ። ወንድሞች አዋጥተው ለጣሪያዋ ረጅም መብራት ገዝተውልኛል፣ የእንኳን ደስ አለህ። "የተባረክ፣ አሁኑኑ እናስገጥምልህ" አሉኝ። ሌላ ቀን ይሁን ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ይገድለኛል! ሽቦ ሲጎተት፣ ጣሪያ ሲበሳ ዋለ። ከዚያ በማስክ ታፍነን ረጅም ጸሎት። ከዚያ ለስላሳ። ስደርስ ጎማ ቤቱ ተዘግቷል።
ባለቤቴ ዘነበች በሱቃችን መስኮት አየችኝ። "መብራቱ ከጭቃ ይገፋሃል?" አለችኝ። ብሬኩን ሠፈር አሠራሁ፣ ገመድም ገዛሁ።

እሁድ
ጭቃ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። መንደሩ ከበላዬ ነው፣ ግን ጉም ውጦታል። ጎማው እዚያው ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ገመድ አለኝ፤ የማስርበት ዛፍ የለም። ማቴዎስ ስልክ አያነሳም። በንዴት መብራቱን ሁሉ አበራሁት፣ ይኸው ስጦታችሁ ብዬ። አለቀስኩ። እግዚአብሔርንም ተቆጣሁ። በእግሬ ልወጣ ነው።

ሰኞ
ትናንት ብዙም ሳልራመድ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። የሱቁ ደንበኞች፣ የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ ማቴዎስን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በጋሪ እየገፉ ይወርዳሉ። ከፊት ያሉት እናት "ኤሽ፣ ቡቲ፣ ወንድሜ! መብራትህን ከላይ አይተን ነው የወረድነው" አሉኝ። መኪናዋን ወደ ኋላ ገፍተው አወጡልኝ። ወንድሜ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ "ጋሼ፣ ሱቁን ዝጋልኝ" አለኝ።
ሆስፒታሉ ተቀበለው። ኦክስጅን ላይ ነው። ዘበኛው እኔን አላስገባም፣ በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ነኝ።
ጋሽ ኤርሚያስ ደወሉ። "መብራቱ ጥሩ ነው?"
ጥሩ ነው አልኳቸው። ስለ ማቴዎስ ግን እስካሁን ማንም ወጥቶ ጥሩ ነው አላለኝም።