ኔትወርኩ ደህና ነበር

ውድ ወንድሜ፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሊገርምህ ይችላል። ደውዬ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ ግን ወይ ስድብ ይመጣብኛል ወይ ለቅሶ፣ ሁለቱም አንተን ከነገሩ ያስመልጡሃል። እዚህ ላይ ግን አታቋርጠኝም።

ነገሩ የእማዬ ነው። ገና ስም ሳይኖርህ ስለ አንዲት ቤት አከራይ የጻፍከውን ድርሰት በብብትህ ይዘህ ስትዞር፣ ቴአትር ቤቱ ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብህ፣ ከመድረክ በጡረታ የወጣችው እናትህ ናት "አከራይዋን እኔ እሠራታለሁ" ብላ የተነሳችልህ። በእሷ ስም በሩ ተከፈተልህ። ተከራዮቿን እየሰደበች የምታበላ፣ ኪራይ ስትጨምር ራሷ የምታለቅስ ሴትዮ ሆነች፤ ሰውም ወደዳት። ዛሬም ገበያ ስንወጣ "አከራይዋ፣ ደህና ነሽ?" ይሏታል።

ወረርሽኙ መጥቶ የቴአትር አዳራሹ ሲዘጋ እኔ ፋርማሲ ስለምሠራ ቤት ስገባ ልብሴን በር ላይ ቀይሬ፣ ከእሷ ራቅ ብዬ ነበር የምቀመጠው። ያን ሰሞን ቀኑን ሙሉ የምታናግረው ሰው አልነበራትም። አንተ ደውለህ "ቴአትሩን በኢንተርኔት ልንሠራው ነው፤ ሁላችንም ከየቤታችን" ስትላት ስልኩን ዘግታ፣ መድረክ ልትወጣ ስትል እንደምታደርገው ፀጉሯን ታጠበች። ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ልምምዱን አንተ በስልክ ነው ያየኸው፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላዋ አንሶላ ሰቅለን፣ ስልኩን የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ በስኳር ጣሳ አስደግፈን ነበር። ለተከራዩ ቁልፍ የምትሰጥበት ቦታ ላይ ስትደርስ ግራ ገባት።

"እጄን ወዴት ልዘርጋ? ተከራዩ ልጅ የት ነው ያለው?" አለችህ።

"በስተግራሽ።"

"በእኔ ግራ ነው በስልኩ ግራ?"

ሌሎቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አንሶላው ፊት ቆማ ቁልፉን ለባዶው ክፍል ስትሰጥ፣ ስትሰጥ አመሸች።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ሰው ሁልጊዜ የሚስቅበት ቦታ ላይ ዝም ብላ ቆመች። "እማዬ፣ እዚህ ጋ አትቁሚ፤ የሚስቅ ሰው የለም" አልካት።

"ታዲያ መሳቃቸውን በምን አውቃለሁ?"

"በጽሑፍ ይልካሉ።"

"ሳቅን በጽሑፍ" አለች።

ትዕይንቱ ሊቀርብ ሲል ወጥ ቤት ገብታ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። "ይሄ ነገር ለእኔ አልሆነም። እንዲያውም ልውጣለት እላለሁ፤ ግን እናቴ በችግሬ ቀን ጣለችኝ እንዳይል ፈራሁ።" ሚናውን ለአንተ ብላ ነበር የያዘችው። አንድ ቃል ብትነግራት ኖሮ "እሰይ ልጄ፣ ገላገልከኝ" ብላ ትመርቅህ ነበር። ያቺን አንድ ቃል ነው የነፈግካት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሻርፗን ተከናንባ፣ ቁልፎቹን ወገቧ ላይ አስራ ስልኩ ፊት ተቀመጠች። "እባክዎ ይጠብቁ፤ አዘጋጁ ያስገባዎታል" ይላል ጽሑፉ። አዘጋጁ አንተ ነህ። ጠበቀች። እንዳይጠፋባት ስልኩን በጣቷ ነካ እያደረገች፣ ላቧን እየጠረገች ጠበቀች። እኔ "ምን ነካቸው" ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና በራሴ ስልክ የቴአትር ቤቱን ገጽ ከፈትኩ። ተጀምሯል። የተከራዩን ሚስት ትሠራ የነበረችው ወጣት ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሳ አከራይዋን ሆናለች።

ድምፁን ለመቀነስ ስጣደፍ "ቤቱ የእኔ ነው፤ ችግሩ ግን የጋራችን ነው" የሚለው የአከራይዋ ቃል ከስልኩ አመለጠኝ። እማዬ ከነቁልፏ በሩ ላይ ቆማለች።

"አምጪው" አለችኝ።

"እማዬ፣ ተይው ይቅር።"

"አምጪው አልኩሽ።"

ሻርፑን ሳታወልቅ እስከ መጨረሻው አየችው። በጎን በኩል የሰዎቹ ሳቅ በጽሑፍ ሲወርድ በጣቷ ተከተለችው። ሲያልቅ "ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ትንሽ ትቸኩላለች እንጂ" አለችና ቁልፎቹን ፈታች። ወዲያው ደወልክ።

"እማዬ፣ ኔትወርክሽ እምቢ አለን እኮ። ምን እናድርግ፣ በግድ ተካንሽ።"

"ምን ታደርግ ልጄ፣ የኔትወርክ ነገር" አለችህ።

ወንድሜ፣ ቴአትሩን ያየነው በዚያው ቤት፣ በዚያው ኔትወርክ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም። አንተ ግን ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ አልካት፤ እሷም ዓይኗን ጨፈነችልህ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስትደውል ሳቋን ትሰማለህ፤ ጤናህን፣ ምግብህን ስትጠይቅህ ትሰማለህ። ፊቷን ግን አታይም፤ "ካሜራው ተበላሽቷል" ብላሃለች። ካሜራው አልተበላሸም። ስልኩ ሲዘጋ ግድግዳውን እያየች ትቆያለች፤ እኔም ላለማየት ዕቃ አጥባለሁ። "እንዳትነግሪው፣ ያፍራል" ብላ አስምላኛለች። መሐላዬን ማፍረሴን እያወቅኩ ነው የምጽፍልህ። እሷ አንተ እንዳታፍር ትጨነቃለች፤ እኔ ግን እንድታፍር እፈልጋለሁ።

አሁን አዳራሹ ተከፈተ። ሰው የድሮዋን አከራይ ስለፈለገ ፎቶዋን ማስታወቂያው ላይ ለጥፈህ፣ "መድረኩ ያንቺ ነው፣ ነይልን" ብለሃታል። ሰሞኑን ትደውልልሃለች። ጉልበቴን አሞኛል፣ ደረጃ አልችልም ትልሃለች፤ አንተም አዝነህ፣ ምናልባትም እፎይ ብለህ ታምናታለህ።

ጉልበቷን አላመማትም። ትናንት የሽንኩርቱን ዘንቢል ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ቀድማኝ ወጣች።

እህትህ